እጅ ያለው አበባ፦ ለእንቁጣጣሽ በግ ልንገዛ ወጥተን የገጠመን ጉዳይ

«አቁም! አደይ! አቁም እንጂ አንተ ልጅ!»

እማዬ ናት። ከኮሎራዶዋ ዴንቨር ወደ ሰሜን ምሥራቅ በሚወስደው ሀይዌይ 76 ላይ በሰዓት 75 ማይል እየነዳሁ ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 2 ቀን 2016። ኦሮራና ዴንቨር ያለን አበሾች ብዙዎቻችን ለበዓል በግ ስንፈልግ ከከተማ ወጣ ብለን ከፈረንጅ ገበሬ ነው የምንገዛው፤ እኔም ከደብረ ማርቆስ ልትጠይቀኝ የመጣችውን እናቴን ይዤ ወደ ኪንስበርግ አካባቢ እየሄድኩ ነበር። ሀይዌይ ላይ አበባ አየሁ ተብሎ አይቆምም። አልቆምኩም። አኮረፈች።

ከሀይዌዩ ወጥተን ወደ ገበሬው ቤት የሚወስደው ኮረኮንች ላይ ስንገባ ግን ኩርፊያው ጠፋ። ግራና ቀኙ ቢጫ ነው። መሬቱ አሸዋ ነው፣ ያውም ጫማ የሚውጥ አሸዋ። ይሄ አሸዋ በጥንት ዘመን ከሳውዝ ፕላት ወንዝ አካባቢ ነፋስ እያፈሰ ያመጣው ነው፤ ዛሬ ሣር ይዞት ነው እንጂ ከስሩ የአሸዋ ክምር ነው። ዝናቡ ትንሽ፣ ፀሐዩ ብዙ። እና በዚህ ደረቅ ሜዳ ላይ በጳጉሜ ወር ከጉልበት ትንሽ ከፍ የሚል ቢጫ አበባ እስከ አድማስ ድረስ ቆሟል። አበሻ አይቶት «አደይ» ባይል ነው የሚገርመው። በየዓመቱም አንድ ሰው ፎቶውን አንስቶ «የአሜሪካ አደይ» እያለ ይልካል። ሌላው «ሱፍ ነው» ይለዋል። ክርክሩ እዚያው ይቀራል።

እኔ ግን ሦስት ቅዳሜ ፈጀሁበት። ውጤቱን ብቻ መናገር ይቻል ነበር፣ ግን የተሳሳትኩባቸው ቦታዎች ከውጤቱ ይልቅ የሚጠቅሙ ይመስለኛል።

እማዬ ከመኪና ወርዳ አንዱን ጠጋ ብላ አየችው። ዝም አለች። ከዚያ ፊቷ ትንሽ ቅር እንዳለው ሰው ሆኖ «አደይ አይደለም» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«መሃሉ ጠቁሯል። አደይ መሃሉም ቢጫ ነው።»

ልክ ናት። የዚህ አበባ እምብርት ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፣ ቀይ የተቀላቀለበት። ደግሞ የአደይ ቅጠል የተቆራረጠ ነው፣ ግንዱም ላይ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ፊት ለፊት ይወጣል። እዚህ ግን ቅጠሉ ያልተቆራረጠ፣ የጦር ጫፍ የመሰለ፣ አንዱ በዚህ አንዱ በዚያ እየተፈራረቀ የወጣ ነው። ስትነካው ይሻክራል።

«ኑግስ?» አልኳት። ጎጃም ተወልዶ ቢጫ ማሳ አይቶ ኑግ የማይታወሰው የለም።

«ሂድ ወዲያ! ኑግ ቅጠሉ ግንዱን ያቅፈዋል። ይሄ እጅ አለው።» ቅጠሉን ከግንዱ ጋር የሚያገናኘውን ረዘም ያለ ዘንግ በሁለት ጣቷ ይዛ አሳየችኝ። እጅ ነው የሚመስለው፣ እውነትም። ይቺን ቃል ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እኔ ደግሞ ዘመናዊ ነኝና ስልኬን አወጣሁ። ትልቁንና ደማቁን አበባ መርጬ ከፊት ለፊት አነሳሁት፣ ዕጽዋትን በፎቶ የሚለየው አፕ በሁለት ሰከንድ ውስጥ መለሰ፦ ሄሊያንተስ አኑውስ፣ ማለትም ተራው የሱፍ አበባ። ደስ አለኝ። (በነገራችን ላይ እኛ «ሱፍ» የምንለው ሁለት ነገር ነው፤ ለፍትፍት የምንወቅጠው እሾሃማው ሱፍ ሌላ ተክል ነው፣ ፈረንጅ ሱፍ የሚባለው ትልቁ አበባ ሌላ። እዚህ የማወራው ስለ ፈረንጅ ሱፍ ዘመዶች ነው።) ለእማዬ «ሱፍ ነው» ብዬ ነገርኳት።

«ሱፍ እንዲህ ቀጭን?» አለች።

እዚያ ላይ መቆም ነበረብኝ። አልቆምኩም። ያቺ ጥያቄ ግን መኪና ውስጥም አብራኝ ነበረች፣ በጉም ከኋላ እየጮኸ።

ከመሄዳችን በፊት ሽማግሌውን ገበሬ ሁለት ሦስት ግንድ ብንነቅል ይፈቅድ እንደሆነ ጠየቅኩት። ሳቀ። የፈለጋችሁትን ያህል ውሰዱ አለ። ይሄን የምጠቅሰው ለወግ አይደለም፤ ያ መሬት የሰው ነው፣ ብሔራዊ ፓርክ ከሆነ ደግሞ አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው። እማዬ አንዱን ከነሥሩ ነቀለችው። አሸዋ ስለሆነ ያለ ትግል ወጣ። ሥሩ አንድ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ፣ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥር የለው፣ ያለፈው ዓመት ደረቅ ጉቶ የለው። «የዘንድሮ ነው፣ ከፍሬ የወጣ» አለች።

ይቺ ነቀላ ግማሹን ሥራ ጨረሰች። ኮሎራዶ ውስጥ የፈረንጅ ሱፍ ዘመዶች የሆኑ፣ ከዓመት ዓመት ከዚያው ሥር የሚያቆጠቁጡ ዝርያዎች አሉ፤ ከዴንቨር ምዕራብ ያሉት ኮረብታዎች ሥር የሚበቅል አጭር ዝርያ አለ፣ እርጥብ ቦታ የሚወድም አለ። ሥሩን ያየ ሰው እነዚህን በሙሉ ከዝርዝሩ ይሰርዛል። የቀሩት የአንድ ዓመት ተክሎች ናቸው። አበባውን ብቻ ቀጥፈህ ብትመጣ ግን ይሄን ማስረጃ ሜዳው ላይ ጥለኸው መጣህ ማለት ነው።

ቤት ገብተን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁ። ማስመሪያ፣ አጉሊ መነጽር። እማዬ ለዶሮው ሽንኩርት እየከተፈች በአንድ ዓይኗ ታየኛለች።

መጀመሪያ የሚያሳስቱትን ጎረቤቶች አስወጣሁ። በዚያ ሜዳ ላይ ቨርቤሲና ኤንሴሊዮይደስ የሚባል ሌላ የአንድ ዓመት ቢጫ አበባ ይኖራል፤ አሸዋም ይወዳል፣ የተነካካ መሬትም ይወዳል፣ ከሩቅ ቁርጥ እሱን ነው። ግን የእሱ ቢጫ ቅጠሎች ጫፋቸው ላይ ጎልቶ በሦስት ይሰነጠቃል፣ መሃሉም ቢጫ ነው፣ የቅጠሉ እጅ ሥር ላይ ጆሮ የሚመስል ነገር አለው፣ ሲያሹት ደግሞ ይሸታል። የኛው ጫፉ አልተሰነጠቀም። ሩድቤኪያ የሚባለውም ጥቁር መሃል አለው፣ ግን የእሱ መሃል እንደ ጎጆ ጣሪያ ወደ ላይ ይወጣል፤ የኛው ጠፍጣፋ ነው። እነዚህ ቀላል ነበሩ።

ከባዱ የቀረው ነው። ሁለት የአንድ ዓመት ሱፎች፣ ሁለቱም የአገሩ ተወላጅ፣ ሁለቱም መሃላቸው ጠቆር ያለ፣ ሁለቱም ቅጠላቸው የሚሻክር። አንደኛው አፑ የነገረኝ ተራው ሱፍ፣ ሄሊያንተስ አኑውስ። ሁለተኛው ፈረንጆቹ ፕሬሪ ሰንፍላወር የሚሉት፣ ሄሊያንተስ ፔቲዮላሪስ። ተራው ሱፍ የሚወደው ጠንከር ያለና እርጥበት የሚይዝ አፈር ነው፣ የመንገድ ዳር፣ የቦይ ዳር። ፔቲዮላሪስ ደረቅና አሸዋማ ሜዳ የራሱ ነው። አፈሩ ስለዚህ ወደ ሁለተኛው ይጠቁማል። ግን አፈር ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም፤ ሁለቱ ጎን ለጎን የሚበቅሉባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው።

ቁመትም ዳኛ አይሆንም። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ፣ «ቀጭንና አጭር ስለሆነ ፔቲዮላሪስ ነው» ብዬ ልጨርስ ነበር። ውሃ የተጠማ ተራ ሱፍ ከጉልበት ሳያልፍ ያብባል። ጥሩ ዝናብ ያገኘ ፔቲዮላሪስ ደግሞ ከአንድ ሜትር በላይ ይሄዳል።

ዳኛው ያለው አበባው ጀርባ ነው። ማንም ፎቶ የማያነሳው ቦታ። አበባውን ገልብጡት፤ ከቢጫዎቹ ሥር እንደ አንገትጌ የከበቡ ትናንሽ አረንጓዴ ቅጠሎች ታያላችሁ። ተራው ሱፍ ላይ እነዚህ ሰፊ ናቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ 5 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ፣ መሃል ላይ ሰፍተው ሰፍተው ድንገት ወደ ረጅም ጅራት ይጠባሉ፣ ጠርዛቸው ላይም እንደ ሽፋሽፍት የተደረደረ ጸጉር አለ። ፔቲዮላሪስ ላይ ጠባብ ናቸው፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 ሚሊሜትር አይበልጡም፣ ቀስ እያሉ ይሾላሉ፣ ሽፋሽፍቱ የለም ወይም እዚህም እዚያም ብቻ ነው።

የኔን ለካሁ። 3 ሚሊሜትር። ሌላውን፣ 3። ሦስተኛውን፣ 3 ተኩል። ሽፋሽፍት የለም።

ወጣሁና ከአፓርታማችን ጀርባ ካለው አጥር ሥር ከሚበቅለው ዱር ሱፍ አንድ ቀጥፌ መጣሁ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የአጥሩ አንገትጌ 7 ሚሊሜትር፣ ጠርዙ በሙሉ ጸጉር። ቅጠሉ መዳፌን ይሸፍናል፣ ጠርዙም እንደ መጋዝ ነው፤ የሜዳው ቅጠል ግን ርዝመቱ 8 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 3፣ ጠርዙ ልሙጥ፣ ቀለሙም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ አረንጓዴ ነው። የሜዳው እምብርት 2 ሳንቲሜትር ነው፤ የአጥሩ ደግሞ የዚያ ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ለየብቻ ስታያቸው አንድ የሚመስሉ ነገሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ የአጎት ልጆች እንጂ ወንድማማች እንዳልሆኑ ታያለህ። ይሄን ማነጻጸሪያ መጀመሪያ ላይ ይዤ ቢሆን ኖሮ አንድ ቅዳሜ ይተርፈኝ ነበር።

እና የቀረ አንድ ምልክት አለ፣ እኔ ጋ የጠፋ። ፔቲዮላሪስ እምብርቱ መሃል ላይ ነጭ ነጥብ አለው ይባላል። የኔዎቹ ላይ የለም። አጉሊ መነጽሩን አስጠግቼ ባየው ባየው ቡናማ ብቻ።

ምክንያቱን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ሱፍ ላይ አንድ አበባ የምንለው አንድ አበባ አይደለም። እምብርቱ በሙሉ ጥቃቅን አበቦች ናቸው፣ እያንዳንዱ በኋላ አንድ ፍሬ የሚሆን። በጥቃቅኖቹ መካከል ደግሞ ስስ ቅርፊት አለ፣ ጫፉ ሦስት ጥርስ ያለው። ፔቲዮላሪስ ላይ መሃል አካባቢ ያሉት ቅርፊቶች የመካከለኛው ጥርሳቸው ጫፍ ላይ ነጭ ጺም አለው። ነጩ ነጥብ እነዚህ ጺሞች ተሰብስበው ነው። ጥቃቅኖቹ አበቦች የሚፈነዱት ግን ከዳር ወደ መሃል ነው፤ የመሃሎቹ ተራ ደርሶ ሲፈነዱ ጺሙን ከመካከላቸው ይውጡታል። እኔ ደግሞ የመረጥኩት ትልቁንና ደማቁን ነው። ማለትም ያረጀውን። አፑም የተሳሳተው በኔ ፎቶ ይመስለኛል፤ ጀርባው የለ፣ ቅጠሉ የለ፣ ጺሙ የለ፣ ምን ያድርግ?

መስከረም 4፣ በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው ቅዳሜ ተመለስን። እማዬም «እኔም እመጣለሁ» አለች፣ ነገሩ ገብቷታል። በዚህኛው ዙር ገና ትናንት የተከፈቱ የሚመስሉትን ትናንሾቹን ነው ያየነው። አሥራ አንድ አበባ አየን። አሥራ አንዱም ላይ መሃል ለመሃል ነጭ ነጥብ አለ፣ በዓይን ይታያል፣ መነጽር አያስፈልግም። እማዬ «ሽበት አውጥቷል እኮ» አለች። ከዚያ በኋላ ሽበት ነው የምንለው።

ስለዚህ፦ ሄሊያንተስ ፔቲዮላሪስ። ስሙን ያወጣለት ቶማስ ነታል የሚባል እንግሊዝ የተወለደ የዕጽዋት ሊቅ ነው፣ በ1821። ፔቲዮላሪስ ማለት ምን እንደሆነ ያየሁት ግን መጨረሻ ላይ ነው። ፔቲዮል የቅጠል ዘንግ ነው። ስሙ በቀጥታ ወደ አማርኛ ሲመለስ «እጅ ያለው ሱፍ» ማለት ነው። እማዬ ጳጉሜ 2 ቀን፣ መኪናው ሳይበርድ የተናገረችው። ነገርኳት። «ታዲያ ስሙ ይሄ ከሆነ ምን ሦስት ሳምንት ታንከራትተኛለህ?» አለችኝ።

ለነታል ያለኝ ክብር እንዳለ ሆኖ ስሙ ጥሩ ስም አይደለም። ተራው ሱፍም እጅ አለው፣ ያውም ረጅም። እጁ ከኑግ ይለየዋል እንጂ ከቅርብ ዘመዱ አይለየውም። እኔ ብሆን ባለ ሽበቱ እለው ነበር።

ይሄ ተክል እንዲሁ የሜዳ አረም እንዳይመስላችሁ። ደቡብ ኮሎራዶ ውስጥ ግሬት ሳንድ ዱንስ የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ፣ የሰሜን አሜሪካ ረጃጅም የአሸዋ ክምሮች ያሉበት፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚቆሙ። በነሐሴ ባዶ አሸዋው ላይ ይሄው አበባ ይወጣል። እዚያ ክምሩ ላይ የሚበቅሉት ፍሬያቸው ዙሪያው ሜዳ ላይ ካሉት ወንድሞቻቸው ይተልቃል፤ አሸዋ ሲቀብረው ስንቅ ያለው ፍሬ ነውና ገፍቶ የሚወጣው። አንድ ዝርያ፣ ጥቂት ኪሎሜትር ልዩነት፣ ሁለት ዓይነት አኗኗር።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን የዘይቱ ነገር ነው። የሚታረሰው ሱፍ ዲቃላ ዘር ለማምረት ችግር ነበረበት፤ አንዱ አበባ ውስጥ ወንዱም ሴቱም ስላለ ራሱን ያዳቅላል ወይም ጎረቤቱን ያዳቅላል፣ በእጅ እየለቀምክ ወንዱን ልታስወግድ አትችልም። በ1969 ፓትሪስ ሌክለርክ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ ይሄንኑ የሜዳ አበባ ከሚታረሰው ሱፍ ጋር አዳቀለና ብናኝ የማያወጣ ሱፍ አገኘ። እናት ይሆናል፣ አባት አይሆንም። ዓለም ላይ የሚዘራው ዲቃላ ሱፍ አብዛኛው ይሄን ባሕርይ በእናቱ በኩል ይዞታል። እማዬ ቀበሌ ወረፋ ጠብቃ የምትቀዳው የሱፍ ዘይት ከዚህ አሸዋ ላይ የቆመ ቀጭን አበባ ጋር በእናት ወገን ሳይዛመድ አይቀርም ማለት ነው። ይሄን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ቢላዋዋን አስቀመጠች።

እዚህ ላይ ባበቃ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የበሩ ተክል አለ።

የገበሬው ግቢ መግቢያ ላይ፣ ከብቶች ውሃ የሚጠጡበት ገንዳ አጠገብ፣ አንድ ለብቻው የቆመ ሱፍ አለ። ቁመቱ የኔን ያህል ነው። አንገትጌው 5 ሚሊሜትር፣ ጠርዙ ላይ ሽፋሽፍት አለ ግን ሳሳ ያለ። ቅጠሉ ሰፊ፣ ጠርዙ ትንሽ ትንሽ መጋዝ። መሃሉ ላይ ሽበት፣ ግን እንደ ሌሎቹ የማይደምቅ። ከሁለቱም የወሰደ።

ሁለቱ ዝርያዎች በተፈጥሮ ይዳቀላሉ። ሁለቱም 17 ጥንድ ክሮሞሶም አላቸው፣ አደራደሩ ግን ስለሚለያይ የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ብናኙ በአብዛኛው መካን ይሆናል፣ ፍሬውም ባዶ ይበዛዋል። በጥንት ጊዜ ግን ከእነዚህ ዲቃላዎች ውስጥ ጸንተው ራሳቸውን የቻሉ ሦስት ዝርያዎች ወጥተዋል ይባላል፤ አንዱ የዩታና የሰሜን አሪዞና አሸዋ ክምር ላይ፣ አንዱ በረሃ ላይ፣ አንዱ ቴክሳስና ኒው ሜክሲኮ ጨዋማ ረግረግ ውስጥ ይኖራሉ። ወላጆቻቸው የማይደፍሩት ቦታ።

እና የበሩ ተክል ዲቃላ ነው? ሦስተኛው ቅዳሜ የሄድነው ለዚህ ነው። አንድ የደረቀ ራስ ቆርጠን መጣን። ፍሬዎቹን በመርፌ ልከፍታቸው ስል እማዬ ሃያ ፍሬ ቆጥራ ወሰደችና በጥርሷ ትሰብራቸው ጀመር። ኑግም ሱፍም ስትገዛ እንደዚያ ነው የምትፈትነው። አሥራ አራቱ ባዶ። «ዲቃላ ነው» አለች፣ ፈረደች።

እኔ አልፈረድኩም። ዱር ሱፍ በራሱ ብናኝ በደንብ አያፈራም፣ ይሄ ደግሞ ለብቻው የቆመ ነው፤ ንብ ካልጎበኘው ንጹሑም ባዶ ይበዛዋል። የሜዳዎቹን ጋዜጣ ውስጥ አድርቄ መለያ ጻፍኩላቸው፣ ስም፣ ቦታ፣ ቀን፣ አሸዋማ ደረቅ ሜዳ። የበሩ ተክል መለያ ላይ በእርሳስ «ዲቃላ ሳይሆን አይቀርም» ብዬ ጻፍኩና ሙሉ ሆነው የተገኙትን ስድስቱን ፍሬዎች አብሬ በፖስታ ላስቀምጥ ዞር ስል የሉም። በልታቸዋለች።